ከጣውላው ሥር የተሸጎጠው ካርቶን

ልጅቱ የመኪናዋን ጎማ የያዘውን ሚስማር ልታጎብጥ ፒንሳ ስታነሳ የሴት አያቷ ልብ ድንግጥ አለ። የእንጨት መኪናዋ ሞተር የላትም፤ ነገ በሚካሄደው የአሻንጉሊት መኪና ውድድር ላይ ቁልቁለቱን የምትወርደው በራሷ ክብደት ነው። ልጅቱ ለመሞከሪያ የሠራችውን ጣውላ ጠረጴዛው ላይ ወደ ፊት ዘመም አድርጋ፣ ግራና ቀኙን ደግሞ በውሃ ልክ አስተካክላ ነበር። አሁን ግን መኪናዋ በተለቀቀች ቁጥር ጠረጴዛው አጠገብ ወዳለው ግድግዳ ታደላለች።

«ሚስማሩ ነው የጠመመው። አንዴ ጎበጥ ባደርገው ልክ ይገባል፤» አለች በሙሉ ልብ።

አያት ፒንሳውን ያዝ አደረጉት። ቅድም ልጅቱ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ፣ መኪናዋ ከጠረጴዛው ወድቃ እንዳትሰበር ብለው ከግድግዳው ተቃራኒ ባለው የጣውላው ጠርዝ ሥር የታጠፈ ካርቶን የሸጎጡት እሳቸው ናቸው።

«ተይ የኔ እናት፣ ሚስማሩ ምን በወጣው! ጠማማዋ እኔ ነኝ፤» አሉና ካርቶኑን መዘው አወጡት።

«እማማ! ነገ መጨረሻ ልታስወጪኝ ነበር እኮ!»

«ከምትሰበር ብዬ ነዋ!»

«እንግዲያው አንቺው ቁሚና ቅለቢያት።»

አያት ከጠረጴዛው ጫፍ ቆመው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። መኪናዋ ተለቀቀች፤ ቀጥ ብላ መጥታም መዳፋቸው ውስጥ ገባች።