ሁለት መቶ ዘጠና አራት

ቻላፓቲ የፈተናውን ውጤት ወረቀት በሁለት ጣቶቹ ጫፍ አንጠልጥሎ፣ የሞተ በረሮ እንደያዘ ሰው ከፊቱ አራቀው። ከሦስት መቶ አርባ፣ ሁለት መቶ ዘጠና አራት።

«ይኼን ይዞ ሰው ፊት ይቀረባል?» አለ።

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሳሂቲ ድንገት ቀና ብላ አየችው፤ ወዲያው አንገቷን ደፋች። የመለሱት አጠገቧ የተቀመጡት አባቷ ነበሩ። ያን ቀን አሟት ነበር አሉ። አሜሪካ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሊቀበላት ተስማምቷል፤ ነገር ግን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ሦስት መቶ ሃያ ካላመጣች ቦታውን ለሌላ ይሰጠዋል። ድጋሚ የምትፈተነው ከሁለት ወር በኋላ ነው።

ቻላፓቲ ሕንድ አገር፣ ሃይደራባድ ከተማ፣ አሚርፔት ሰፈር፣ ለድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ሒሳብ ያስጠናል። የማይጸየፈው ነገር ጥቂት ነው። በደረጃው ግድግዳ ላይ እየታኘከ የተተፋው የቢትል ቅጠል ቅላት ያቅለሸልሸዋል፤ ሰማንያ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል የላብ ሽታም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ የሚያስጠላው ግን ዝቅተኛ ውጤት ነው። የሳሂቲን ዝርዝር ውጤት ሲያይ፣ ሁለት ነገር አወዳድሩ የሚሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ስታቸዋለች። ይቺ ልጅ ቁጥር ማለት ከአንድ ጀምሮ ወደ ላይ ብቻ ይመስላታል፣ ሲል ደመደመ።

እሱ ጥያቄ እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም። ጥያቄ አይነበብም፣ ይሸተታል፣ እያለ ይኩራራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ቤት ተቀምጦ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ ሳለ፣ ናጌሽ የሚባል የመለማመጃ መጽሐፍ ነጋዴ ይደውልለትና ጥያቄ ያነብለታል፤ ቻላፓቲም ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ መልሱን ይወረውራል። ለአዲስ መጽሐፍ የመልስ ገጽ ነው ብሎታል ናጌሽ። ናጌሽ መልሱን ድገምልኝ ብሎት አያውቅም፤ ቻላፓቲም በዚህ ደስ ይለዋል።

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ቁጥርና የዚያው ቁጥር ካሬ የቱ ይበልጣል የሚል ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ካሬው፣ ብሎ ራሱ መለሰና ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል ሳሂቲ እጇን አወጣች።

«ግማሽ ቢሆንስ፣ ሰር? ግማሽ በግማሽ ሩብ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ቻላፓቲ ሰሌዳውን በመዳፉ ጠረገና፣ ማን እንደነቃ ለማየት ሆን ብዬ ነው አለ። መዳፉ ላይ የቀረው የጠመኔ ብናኝ ቀኑን ሙሉ ሲያስጠላው ዋለ።

በሳምንቱ የመለማመጃ ፈተና ሳሂቲ ከአርባ ሠላሳ ዘጠኝ አመጣች። በቀጣዩ ሳምንት አርባ ከአርባ። ቻላፓቲ ነገሩ ገማበት። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ስልኳን ተቀበላት፤ ጥያቄዎቹን ማንም ሳያያቸው እዚያው ሰሌዳ ላይ ጻፈላት። አሁንም አርባ። ሁለት መቶ ዘጠና አራት ያመጣሽበት ፈተና እንዴት ነበር፣ ሰዓቱ አጠረሽ ወይስ ጥያቄው ከበደሽ ሲላት፣ አላስታውስም ትለዋለች። ውሸታም ሰው ደግሞ ጥርሱን ሳይፋቅ እንደሚያወራ ሰው ነው ለእሱ፤ አጠገቡ መቆም አይችልም።

የማስጠኛው ባለቤት ወይዘሮ አናሱያ ዘንድ ሄዶ፣ ልጅቷ መልስ እየሰረቀች ነው አላቸው። በጥቂት ሳምንት ከደደብነት ወደ ሊቅነት የሚዘል ሰው የለም። እሳቸው ማስረጃ ካለህ አምጣ፣ ከሌለህ አርፈህ አስተምር ብለው መለሱት።

ሳሂቲ ድጋሚ ተፈተነች። ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ።

ማስጠኛው በጭብጨባ ተናጋ። አባቷ ለሁሉም ላዱ አደሉ። ቻላፓቲ የደረሰውን ጣፋጭ ጠረጴዛው ላይ ተወው፤ ጉንዳን ሲወርረው እያየ ወደ ፈተናው ሰጪዎች የሚልከውን ደብዳቤ ጀመረ። ልጅቷ አጭበርባሪ ናትና ውጤቷ ይሰረዝ የሚል ነው። ደብዳቤው ከሄደ የአሜሪካው ቦታ አበቃለት። ከመላኩ በፊት ግን አስጠራትና ሁለቱን የውጤት ወረቀቶች ፊቷ ዘረጋቸው።

«ከሁለቱ አንዱ የሌባ ነው። የቱ እንደሆነ ንገሪኝ።»

«የመጀመሪያው፣» አለች ሳሂቲ።

ይህን አልጠበቀም። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

እሷም ነገረችው። ያን ጊዜ የተፈተነችው ቅዳሜ ቀን፣ ቤቷ ሆና ነው። አባቷ ከሰዎች ጋር ተስማምተዋል፤ ኮምፒውተሯ ላይ የሚታየውን ሌላ ቦታ የተቀመጠ ሰው ያያል። ጆሮዋ ውስጥ ትንሽ ማዳመጫ ደብቀውላታል። አንዱ በስልክ ጥያቄውን ያነባል፣ ሌላው መልሱን ይናገራል፤ እሷ የተባለችውን ትነካለች። ግማሹ ስህተት እንደሆነ ታውቅ ነበር። ግን አባቷ እጇን አናታቸው ላይ አስደርገው፣ ከተነገረሽ አንዲት መልስ ብትቀይሪ እኔን ቅበሪኝ ብለው አስምለዋታል። በአባቷ ራስ ምላ እንዴት ትቀይር።

ማጭበርበሩ ራሱ ያስጸይፋል፤ አጭበርብሮ ሁለት መቶ ዘጠና አራት ማምጣት ደግሞ ቻላፓቲን ከምንም በላይ አስጸየፈው። እንዲህ ያለ መሃይም እዚሁ ሰፈር አስተማሪ ነኝ እያለ ከእሱ ጋር አንድ አየር ይተነፍሳል ማለት ነው። በልጅቷ ላይ የጀመረውን ደብዳቤ ቀደደና አዲስ ወረቀት ሳበ።

«የዚያን ደደብ ስም ንገሪኝ፣» አለ። «ዛሬውኑ ከአሚርፔት አስነቅለዋለሁ።»

«ስሙን አልነገሩንም፣ ሰር። ድምፁን ግን አባቴ እዚህ ይዘውኝ የመጡ ቀን፣ እርስዎ ገና መናገር ሲጀምሩ አወቅሁት።»