«ልጄ... ትራሱ አለ?»

«ልጄ... ትራሱ አለ?»

ድምፁ የመጣው ከደጅ ነው።

ንጋት የተኛውን ልጇን አየች... ጥግ ላይ ከነፕላስቲኩ የተቀመጠውን ትራስ አየች... ዓይኗን ጨፈነች።

«አዎ አባባ! አለ!»

«ተባረኪ! ግራና ቀኙን ያዝ አድርጎታል?»

«በደንብ አባባ...»

ውሸት! ለዚያውም ለመሪጌታ!

ደጅ የተቀመጡት የኔታ ሰውአገኝ ናቸው፤ የባሏ የምሥጋናው አባት። ላሊበላ ውስጥ ስንቱን ዲያቆን ዜማ ያስተማሩ፣ ሲቆጡ ተራራው አናት ላይ አሸተን ማርያም ድረስ ይሰማል የሚባልላቸው።

የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ደግሞ አራስ ቤት አይገባም። ስለዚህ ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነው የሚጠይቁት።

የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው... ገና በዓይናቸው አላዩትም። ግን ባለቀሰ ቁጥር «ስሙት! አራራይ ዜማ እኮ ነው!» እያሉ ብቻቸውን ይስቃሉ።

ትራሱን ያስመጡት አዲስ አበባ ካለ የድሮ ተማሪያቸው ነው። መሀሉ ለጭንቅላት ጎድጎድ ያለ፣ ግራና ቀኙ ሕፃኑ እንዳይንከባለል ወፈር ያለ ድጋፍ ያለው።

ለምሥጋናው ሲሰጡት እንዲህ አሉት...

«የሕፃን ራስ ሊጥ ነው፤ እንዳስተኙት ይቀራል። ጠፍጣፋ እንዳይሆንብኝ፣ አደራ!»

የየኔታ አደራ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ጤና ጣቢያ ግን ሲስተር ሰአዳ ለንጋት ሌላ ነገር ነግራታለች።

«በጀርባው፣ ጠንከርና ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ አስተኚው። ትራስም ሆነ ድጋፍ አጠገቡ አታድርጊ። ተንሸራቶ አፍንጫው ከታፈነ ራሱን ማውጣት አይችልም።»

ንጋት ባሏን ለመነችው።

«አንተ ንገራቸው። አባትህ ናቸው።»

«እኔ? አብደሻል እንዴ! እሳቸው ዘንድ ስማር የቀመስኩት አለንጋ ገና አልበረደልኝም!»

(ገደል ለገደል ቱሪስት እየመራ የሚውል ጎበዝ... አባቱ ጋ ሲደርስ ውሃ!)

«ለሰላም ብለሽ ትንሽ አስደግፊው በቃ። ቢያንስ አትዋሺም» አላት።

እውነቱን ነው፤ ውሸቱ ከብዷታል። አንድ ቀን ከሰዓት እሺ አለች። ትራሱን ከፕላስቲኩ አውጥታ ልጁን አስተኛችበትና አጠገቡ ተቀምጣ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

ቀና ስትል... ልጁ ወደ ጎን ተንሸራቷል።

አፍንጫው ወፍራሙ ድጋፍ ውስጥ ገብቷል... ድምፅ የለም...

ብድግ አድርጋ አነሳችው!

አለቀሰ። ጮኸ። እልል የሚያሰኝ ጩኸት!

ከደጅ የኔታ ሳቁ። «ስሙት! አራራይ!»

ውስጥ ንጋት ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ አፍንጫውን ደጋግማ እየዳሰሰች ነበር።

ከዚያ በኋላ ትራሱ ተመልሶ ፕላስቲኩ ውስጥ ገባ። የደጁ ጥያቄ ግን አልቀረም... የእሷም «አዎ አባባ» አልቀረም።

ክርስትና ተነሳ። ስሙ ተክለ ሚካኤል ተባለ።

ድግሱ ላይ የኔታ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጁን አልፈው ገቡ። ምግቡንም እንግዳውንም ትተው በቀጥታ ወደ ልጁ መኝታ።

ልጁ ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ ብቻውን ተኝቷል።

«ትራሱስ?»

ምሥጋናው «ጠላ ልቅዳ» ብሎ ወጣ! (ወይ ጀግና!)

ንጋት እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ... በየቀኑ ስዋሽዎት ነው የከረምኩት።»

ሁሉንም ነገረቻቸው። የሲስተር ሰአዳን ምክር... ያን ከሰዓት... ደጅ ሆነው የሳቁለትን ያን ለቅሶ።

እንግዳው ሁሉ የየኔታን ቁጣ ይጠብቃል።

እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ... ጥምጥማቸውን መፍታት ጀመሩ!

ቤታቸው ውስጥ እንኳ ቆብ ከራሳቸው የማይወርድ ሰው... በእንግዳ ፊት... በምራታቸው ፊት!

ፈትተው ሲጨርሱ ጀርባቸውን ሰጧት።

«እዪው ልጄ።»

የጭንቅላታቸው ኋላ ለጥ ያለ ጠፍጣፋ ነው።

«ቆሎ ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ‹ሰሌዳው› ይሉኝ ነበር። ጥምጥም ስጀምር ነው የተገላገልኩት። በልጄ ልጅ እንዳይስቁበት ብዬ እኮ ነው... የእኔን እፍረት ለሱ ሳሸክመው ላፍነው ነበር።»

«አባባ ይተዉ...» ንጋት አለቀሰች። «ሲስተር ሰአዳ ሲነቃ እቀፊው፣ እያየሽውም በደረቱ አስተኝተሽ አጫውቺው፣ ብዙውን ጊዜ እያደገ ሲሄድ ይስተካከላል ብላኛለች።»

«ባይስተካከልስ?» አሉ የኔታ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ። «ጠፍጣፋ ራስ በጥምጥም ይሸፈናል ልጄ... የቆመ ትንፋሽ በምን ይሸፈናል?»

ቤቱ ውስጥ ያልተነፋረቀ የለም። ጠላ ይዞ የተመለሰው ምሥጋናውም ጭምር!

ከዚያ የኔታ ትራሱን ከፕላስቲኩ አወጡና ወገባቸው ኋላ ሸጎጡት።

«ለሽማግሌ ወገብስ ሲስተርሽ ከልክላለች?»

ወዳጆቼ... ለልጆቻችን ከምንሰጠው ስጦታ ውስጥ አንዳንዱ የገዛ ቁስላችን ነው። በፍቅር ጠቅልለን ስለምንሰጠው እኛም አናውቀውም። ትልልቆቻችንን የምናከብር ከሆነ ደግሞ በር ዘግተን «አዎ አባባ» ከምንላቸው፣ ደፍረን እውነቱን እንንገራቸው። ከምናስበው በላይ ይረዱናል።

እናንተ በንጋት ቦታ ብትሆኑስ... በመጀመሪያው ቀን ደጅ ወጥታችሁ ለየኔታ እውነቱን ትነግሯቸው ነበር? ወይስ እናንተም «አለ አባባ!» ትሉ ነበር?

እስቲ ሳትዋሹ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ 👇