አንድ ሙሉ ዙር

ልብስ ሰፊዋ ብስክሌቱን እየጎተተች ወደ ብስክሌት ሠሪው ሱቅ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። የፊት ጎማው ስለተጣመመ እየተንገጫገጨ አላራምድ ብሏታል። ባለቤቷ እግሩን ሰብሮ በጄሶ ከታሰረ ሳምንት ሆነው።

«እንኳን ነፍሳቸው ተረፈ፣ እትዬ» አለ ሠሪው እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «እግር ይድናል።»

«የኋላ ማርሹን እይልኝ ልጄ። የጣለው እሱ ነው።»

«ጋሼ እንዲህ አሉ?»

ባሏ ያለው «ያ ማርሽ ጉድ ሠራኝ» ብቻ ነው። እንዲያ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ብስክሌቱ ይታይ ብትለው ደግሞ «ተይው! ማንም እንዳይነካው!» ብሎ ጮኸባት። ከተጋቡ ጀምሮ ጮሆባት አያውቅም። አውቆብኛል አለች በልቧ፤ አውቆ ነው የሚሸፍንልኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏታል።

ነገሩን ያመጣው ጉራ ነው። ሰውዬው የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ዕድሜው ሃምሳን ዘሏል፣ ቦርጩም ከእሱ ቀድሞ በር ይገባል። ሁለት ወጣት ባልደረቦቹ እሁድ እሁድ በብስክሌት ተራራ እንደሚወጡ ሲያወሩ ሰማና «እኔ በጉብዝናዬ ጊዜ» ብሎ ጀመረ፤ «በሚመጣው እሁድ አብሬያችሁ ነኝ» ብሎ ጨረሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ሚስቱ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። «ወንድ ልጅ ቃሉን አይበላም» አላት። ቃሉን አልበላም፤ ራቱንም አልበላም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ብስክሌቱን አሠርቶ መጣና ሳሎን መስኮቱ ሥር አቆመው። የኋላ ማርሹ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣቱ ነካ አድርጎ፣ «አየሽ፣ ነገሩን ሁሉ የያዘችው ይቺ ናት» አላት። ከሰዓት እሷ ለደንበኛ ቀሚስ ልታደርስ ወጣች።

ማምሻውን ስትመለስ ሰውዬው መታጠቢያ ቤት ነበር። «ስወለውለው ዋልኩ፣ እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኗል!» አለ ከውስጥ።

የስፌት መኪናዋን የምታስተካክልባት ካቻቪቴ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከብስክሌቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰይጣን ራሱ ያቀበላት መሰላት።

እሷ የምታውቀው የስፌት መኪና ነው። የክሩ ብሎን ከላላ መኪናው ይዘላል፣ ስፌት አይይዝም፣ በቃ። ብስክሌቱም እንዲሁ መሰላት፤ ማርሹ አልገባ ይላል፣ ሰውዬው ከተራራው ግርጌ እየተሳደበ ይመለሳል፣ ምሳውንም ቤቱ ይበላል። ብሎኗን አንድ ሙሉ ዙር አላላቻት። ከዚያ ምንም እንዳልሠራች ሆና ራት ልታቀርብ ገባች።

እሁድ ከሰዓት ሁለቱ ወጣቶች ተሸክመው አመጡት።

«ዳገቱንማ እንዴት እንደወጣው! አንበሳ ነው!» አለ አንደኛው። «ቁልቁለቱ ነው የበላው።»

እሷ ግን ይህን የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም። የምታየው ያንን የተሰበረ እግር ብቻ ነው።

ሠሪው ብስክሌቱን መንጠቆ ላይ ሰቀለው። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ማርሹን ከኋላ አየው። «መስቀያው አልተጣመመም።» የማርሹን ሽቦ ሳብ ለቀቅ አደረገ። «ሽቦውም ደህና ነው።» ደህና ነው ባለ ቁጥር ልቧ ድክም ይላል፤ የቀረችው ያቺ ብሎን ናት።

«ያቺስ?» አለች ወደ ብሎኗ እየጠቆመች።

«ይቺ ዘበኛ ናት። ከልክ በላይ ከጠበቀች ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ አልወጣም ይላል፤ ያለሱ ደግሞ ዳገት ዘበት ነው። ከላላች ግን መዓት ነው። ካቴናው ጥርሱን አልፎ የጎማው ራጂ ሽቦዎች መሃል ይሰነቀራል፣ ጎማው ቀጥ ይላል፣ ሰው ይወረወራል። ጋሼም ቅዳሜ ይህንኑ አንድ በአንድ ሲጠይቁኝ ነበር።»

ሰው ይወረወራል! ያገኘችው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለች። ወይ ጉዴ፣ ባሌን በገዛ እጄ ልገድለው ነበር አለች በሆዷ። ልትናዘዝ አፏን ስትከፍት ሠሪው ፔዳሉን እየዘወረ ማርሹን መቀየር ጀመረ። ካቴናው ከጥርስ ወደ ጥርስ ኮሽ ሳይል ወጣ፤ ትልቁ ላይ ደረሰና እዚያው ረጋ።

«እንደ ሠራኋት ናት» አለ። «ፍንክች አላለችም።»

«ደህና አድርገህ እይ እንጂ!»

«እትዬ፣ የገዛ እጄን ሥራ አጣዋለሁ? ምንም የለበትም።»

አዝኖልኝ ነው አለች በልቧ። ፊቴን አይቶ ገብቶታል፤ ሊደብቅልኝ ነው። ባሏ ይሸፍንላታል፣ ሠሪው ይሸፍንላታል፣ ኃጢአቱ ግን የሷ ነው። የሰዎቹ ደግነት ይብሱን አቃጠላት። መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ሄደች፤ ቤቷ ደጃፍ ስትደርስ ግን ቆርጣ ነበር። ያባርራት፣ ይርገማት፣ የመጣው ይምጣ፤ ትነግረዋለች።

ሰውዬው ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«ብስክሌቱን ሠሪው ጋ ወሰድኩት» አለችው።

ደሙ ከፊቱ ሸሸ። «አይነካ አላልኩሽም? ምን አለ? ምን አገኘ?»

«ምንም የለበትም አለ። ያቺም ብሎን እንደ ሠራኋት ናት አለ። ግን እኔ...» እንባዋ ቀደማት።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ሰውዬው። «ያቺን ብሎን ቅዳሜ፣ አንቺ ስትወጪልኝ፣ ዳገት እንዳታስወጣኝ ብዬ በራስሽ ካቻቪቴ አንድ ሙሉ ዙር አጥብቄያት አልነበር እንዴ!»