ጋቢ የለበሰው ላፕቶፕ

የልጅ ልጄ ድምፄን አውጥቼ ሳልመርቃት ፈተና ብትገባ ይቀናት ይሆን? እኔ እንጃ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

ለየቤቱ የቀን ድምፅ በልክ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ የሰውም የዕቃም ድምፅ ይቆጠራል። ግድግዳው ላይ ያለው ቆጣሪ ከቀላ እስከ ማግስቱ ቤትም ደጅም ትንፍሽ ማለት የለም፤ ትንፍሽ ያለ ቤት መብራቱ ይቆረጣል።

ይቺው የልጅ ልጄ ምንትዋብ ከሱቅ ሁለት ላፕቶፕ ለሙከራ አመጣች። አንዱ ድምፅ የለውም፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ሌላው ፈጣን ነው፣ ማራገቢያው ግን እንደ ወፍጮ ይጮሃል።

«ቀርፋፋው ይሻለኛል፣ እምዬ። ይሄ ጯሂው ያንቺን የወሬ ድርሻ ይበላብኛል።»

«ወሬዬ ምን ይረባሻል? ትምህርትሽን ያዢ!»

«ያላንቺ ጭቅጭቅ ጭንቅላቴ አይሠራም» ብላ ሳቀችብኝ።

ዛሬ ጠዋት በፈጣኑ ስታጠና ቆይታ ለፈተናው ልብሷን ልትቀይር ገባች። እኔ ደግሞ ድምፁን ላፍነው ብዬ በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ለካ አየር ሲያጣ ይብስበታል! ማጓራት ሲጀምር ሮጣ መጥታ ገፈፈችው። ቆጣሪው ግን ቀልቷል።

አልተቆጣችም። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አድርጋልኝ ጉልበቴን ሳመችና አንገቷን ደፋች። እጄን አናቷ ላይ ጫንኩ፤ ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ወደ ፈተናዋ ወጣች።