ከኋላቸው የተሰቀለው ፎቶ

ሥራዬ የተቀደዱና የደበዘዙ ፎቶዎችን ማደስ ነው። ዛሬ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በበሩ ሥር የገባ ፖስታ አገኘሁ፤ በውስጡ ለሁለት የተቀደደ ፎቶ ነበር።

በአንዱ ቁራጭ ላይ የማላውቀው ራሰ በራ ሰው ይስቃል። በሌላው ላይ ሚስቴ ወደ እሱ ዞራ ቆማለች። አገጯ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ፀጉሯ ግን ሸብቷል። የኔዋ ሚስት ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው።

«ካንተ በኋላ ሌላ ወንድ ካየሁ ዓይኔ ይጥፋ» ብላ የማለችልኝ እሷው ናት። ዓይኗ ደህና ነው፤ ያውም ሰውየውን ሲያይ እንዴት ያበራል!

ቁራጮቹን አጋጠምኳቸው። ከሚስቴና ከሰውየው ኋላ ግድግዳው ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት ፎቶ ተሰቅሏል። እኔ ነኝ፤ ይህንኑ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሸሚዙን ሚስቴ ትናንት ገዝታልኝ ዛሬ ገና መልበሴ ነው። በሱ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም።

ፎቶው ላይ እንዳፈጠጥኩ ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሚስቴ ምሳዬን ይዛ ገባች። ከላይ እስከ ታች አየችኝና ካሜራዬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ሸሚዙ እንዴት አምሮብሃል፣ የኔ ጌታ! እስቲ ቀና በል፣ አንድ ላንሳህ።»

«ለምን?» አልኳት።

«ምን ለምን አለው? ለማስታወሻ ነዋ።»