የፖርት ኬስለር ሞቅታ

ኖሪን ፓጄት እንግዶች ሊመጡባት ስለሆነ ቤቷን አጸዳች። ከዚያ ወጥታ ከተማዋን ማጽዳት ጀመረች።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የፖርት ኬስለር የብረት ፋብሪካ ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው። በዋናው መንገድ ላይ ካሉት አርባ ሱቆች የሃያ ስድስቱ መስኮት ጋዜጣ ተለጥፎበታል። ሥራ ያልፈታው ቀዩ አቧራ ብቻ ነው፤ ከማዕድን ክምሩ እየተነሣ ዛሬም የተሰጣውን ነጭ አንሶላ ሁሉ ሮዝ ያደርገዋል።

ዓርብ የሚመጡት የልጅነት ጓደኛዋ ሮዝሊንና ባሏ ኬልቪን ነበሩ። ሁለቱ ሴቶች አንድ ወንበር ተጋርተው ተምረዋል። ኖሪን እዚሁ ቀረች፤ ሮዝሊን ግን ዋና ከተማው ካንቤራ ገብታ፣ ሐኪም ለየትኛው ከተማ ይመደብ የሚለው በሚወሰንበት መሥሪያ ቤት ትልቅ ሰው ሆነች።

ፖርት ኬስለር ያላት አንድ የሚያዋልድ ሐኪም ነው፤ መንግሥት የመደበው ስሪላንካዊው ዶክተር ሰናናያኬ። እሱም ሊነሣ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞልቶታል። የኖሪን ልጅ ታሪን ደግሞ ለመውለድ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። የመጀመሪያዋን የወለደችው ሐኪሙ ሳይመጣ በፊት ነው፤ በመኪና የኋላ ወንበር ላይ፣ ሆስፒታል ለመድረስ ዘጠና ኪሎ ሜትር ሲቀራት፣ አንድ ካንጋሮ ቆሞ እያያት። ደሟ አልቆም ብሎ ለጥቂት ተረፈች። ይህ እንዳይደገም ኖሪን የማታደርገው ነገር የለም። እውነተኛ ሴት ስለሆነች፣ ለመዋሸት ሁለት ሙሉ ቀን ተዘጋጀች።

ነገሩን አስባበታለች። ለሞተ ከተማ ሐኪም የሚመድብ ማን ነው? ስለዚህ ፖርት ኬስለር ዓርብ ከረፋድ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በሕይወት መቆየት አለባት።

ረቡዕ በአዛውንቶች ክበብ ስብሰባ ተጠራ። መኪና ያለው ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ እንዲያቆም፣ ልጅ ያለው ልጁን ይዞ መናፈሻ እንዲወጣ ተወሰነ። በየቀኑ ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ የሚይዙት እርጉዞች ለዕለቱ ከዓይን እንዲሰወሩ ተለመኑ። ክላሪ የሚባለው ጡረተኛ ደግሞ ሦስት ባርኔጣ ስላለው ሦስት ሰው እንዲሆን ተመደበ።

«ለምን እኔ?» አለ ክላሪ።

«ሥራ የፈታኸው አንተ ነሃ።»

«እዚህ ሥራ ያልፈታ ማን አለ?»

«ዓርብ ይኖራል» አለች ኖሪን።

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ሮዝሊን ከመኪና ወርዳ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው አቀፈቻት።

«አይ ኖሪንዬ። እንዴት ቻልሽው?»

«ምኑን?»

«መኪና ማቆሚያ አጣሁ እኮ» አለ ኬልቪን ከኋላ መጥቶ። «ሦስቴ ዞርኩ።»

«ዓርብ አይደል? እንዲህ ነው» አለች ኖሪን።

ጉብኝቱ ተጀመረ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ሰንሰለት ነበረ።

«ለዕድሳት ነው የተዘጋው» አለች ኖሪን።

«ይሄኛውስ?» አለች ሮዝሊን።

«እሱም ለዕድሳት።»

«ያም? ያም ማዶ ያለውም?» አለ ኬልቪን።

«ሁሉም እኩል ካልታደስኩ አለ። ሠራተኛ ከየት ይምጣ?»

ዳቦ ቤቱ ውስጥ ክላሪ በገለባ ባርኔጣ የሥጋ ፓይ ይበላ ነበር። ቀለም መሸጫው ዘንድ ቆብ አድርጎ ብሩሽ ይመርጥ ነበር። ወደቡ ላይ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ መንጠቆ ጥሎ ሲያገኙት ኬልቪን ቆመ።

«ይህን ሰውዬ አላየሁትም?»

«ወንድሞቹን ነው ያየኸው» አለች ኖሪን። «ሦስት ናቸው። እዚህ አገር ሰው አይሰደድም።»

«መገናኘት እንኳ አልቻልንም» አለ ክላሪ፣ ሳይጠየቅ። «ሥራው ፋታ ነሣን፣ ጌታዬ። ከተያየን ወር…»

ኖሪን እግሩን ረገጠችው።

ሮዝሊን ከምሳ በኋላ የኖሪንን ፊት ታጠና ጀመር። ድሮም ይህች ልጅ ፈተና ላይ ማን ከማን እንደኮረጀ ታውቅ ነበር።

«እስቲ ኖሪን፣ በእኔና በአንቺ መካከል ይሁን» አለች ሮዝሊን እጇን ይዛ። «የጎደላችሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። አንድ ብቻ።»

ድምጿ ልመና ነበረበት። ኖሪን ግን ወጥመድ መሰላት።

«የጎደለን? መኪና ማቆሚያ።»

«ሐኪም ለማግኘትስ? ስንት ሳምንት ትጠብቃላችሁ?»

«እኛ እንጠብቅ? እሱ ነው እንጂ እኛን የሚጠብቀን።»

በክሊኒኩ በኩል አለፉ። በሩ ላይ አንድም ሰው የለም። ዶክተር ሰናናያኬ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሽተኛ አጥቶ፣ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ደጅ ቆሞ መንገዱን ግራና ቀኝ ያያል። ሮዝሊን ትክ ብላ አየችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። መናፈሻው ውስጥ ያሉት ልጆች ደክሟቸው ወደ ቤት እንሂድ እያሉ ያለቅሱ ነበር። ሮዝሊን ዞር ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አለቀልኝ፣ አለች ኖሪን በልቧ፤ ነቅታብናለች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ኖሪን።»

«ለምኑ?»

«ከተማችሁ ሞታለች ብዬ ነው የመጣሁት። ሌሊቱን ስለእናንተ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዛሬ ግን አስተያየቴን ሙሉ በሙሉ ቀየርሽው።»

ኖሪን የመኪናውን በር ያዘች። ታሪን በዓይኗ መጣችባት፣ በንጹሕ አልጋ ላይ፣ ሐኪም ከራስጌዋ ቆሞ።

«ስለዚህ ዶክተር ሰናናያኬ…» አለች ኖሪን።

«ሰኞ ይነሣል» አለች ሮዝሊን እንባዋን እየጠረገች፣ «ሐኪም የሚመደበው ለተቸገሩ ከተሞች ብቻ ስለሆነ ይቆይላቸው ብዬ የምሟገትበት ማስረጃ ልሰበስብ ነበር የመጣሁት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላስፈለጋችሁም።»