ካሳዬ እንዳይሰማ

አርፋችሁ ተቀመጡ! ኢያሱ፣ ከአልጋው ብረት ላይ ውረድ፤ ዝንጀሮ ነህ እንዴ? አንቺ ብሩክታይት፣ ስልክሽን አውጪና የምልሽን ጻፊ። አጎትሽ ካሳዬ ከቀዶ ጥገናው ተርፎ ሲነሳ ያነበዋል። «ለምን ደበቃችሁኝ?» ብሎ መቆጣቱ አይቀርም፤ ያኔ እንዴት አርገን እንደደበቅነው ይወቅ።

ነገሩ የጀመረው ወሎ ሰፈር ነው። ከካሳዬ ጋር ታክሲ ልንሳፈር ስንል ከረዳቱ ጋር ተጣላሁ። ገና «አንተ ባለጌ» ከማለቴ ጭንቅላቴ ውስጥ መብረቅ ወረደ። ዞር ብዬ ካሳዬን ሳየው ፊቱ ዱቄት መስሏል፣ ዓይኑ ፈጧል። «ይሄ ሰውዬ ጤና የለውም» አልኩ በልቤ። ከዚያ እኔ ትንሽ ወደቅኩ።

ቦሌ አንድ ሆስፒታል ወሰዱን። ጭንቅላት የሚያነሳው ማሽን ውስጥ መጀመሪያ እኔን አስገቡኝ፤ ቀጥሎ ካሳዬን አስገቡት አሉ። ኋላ እናትሽ ቲጂ ዓይኗ አብጦ መጣችና ጆሮዬ ስር ሹክ አለችኝ።

«እትዬ፣ ካሳዬ ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ደም ስር እንደ ፊኛ ተነፍቷል። ትንሽ ደምቷል። ድጋሚ ከፈነዳ አለቀ።»

«ወይኔ ወንድሜን! ታዲያ ይንገሩታ!»

«ምን ነካሽ? መርፌ ሲያይ የሚሮጥ ሰው፣ ይሄን ከሰማ አጥር ዘሎ ይጠፋል። የታመምሽው አንቺ ነሽ እንበለው። እትዬን ላስታምም ብሎ ይቆይልናል፤ ቀኑ ሲደርስ ሳያስበው እናስገባዋለን።»

እውነቷን ነው። በዚህስ የኛ ቤት ሰው አንድ ነው። እኔ ብሆን እስከ ሳሊተ ምሕረት በባዶ እግሬ እሮጥ ነበር።

ይኸው ከዚያ ወዲህ በሽተኛ ሆኜ እየተወንኩ ነው። ይሄን ከኋላ የተቀደደ ቀሚስ ለበስኩ። ደም ሰጠሁ። በብሽሽቴ ቀጭን ሽቦ አስገብተው እስከ ጭንቅላቴ ድረስ ፎቶ አነሱኝ፤ ይሄ ሁሉ ለካሳዬ ሲባል! ነርሶቹ ደግሞ ሲተውኑ ብታያቸው! አንዷም አልሳቀች።

ዶክተር ሆርዶፋማ ከሁሉም ይበልጣል። ካሳዬ እዚሁ ቆሞ እየሰማ፣ ለኔ ያስረዳኛል። «ይሄ ዓይነቱ እብጠት ብዙ አይገጥመንም። ግድግዳው ስስ ነው፣ የሚያዝ አንገት የለውም። አጥንቱን ከፍተን በትንሽዬ ክሊፕ ቆንጥጠን እንይዘዋለን። እስከዚያ መቆጣት፣ መጮህ የለም።»

«ብርቅ ነው ማለት ነው?»

«በጣም።»

ኮራሁ። የኛ ቤተሰብ መቼም ተራ ነገር አይታመምም። ለዶክተሩ በዓይኔ ጠቀስ አረግኩት፤ ሳል ያዘውና ወጣ።

አንጀቴን የበላው ካሳዬ ነው። ማንም ሳይነግረው ልቡ ነግሮታል መሰለኝ፣ ያለቅሳል። ትናንት እግሬን ይዞ «እትዬ፣ ያስቀየምኩሽ ካለ ይቅር በይኝ» አለኝ። ሊሞት ያለ ሰው እንዲህ ነው አይደል? «አይዞህ፣ እኔ አለሁልህ» ብለው ይባስ አነባ። ዕድሜ ልኩን ሲከራከረኝ የኖረ ሰው የምለውን ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ይላል። ይሄ አያስፈራም?

ዛሬ ነው ቀኑ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ትወናው እንዲሞላ ነው። እሱ ግን ቅድም ሁለት ሳንቡሳ በላ። ይብላ፣ ምስኪን! አንቺ ደሞ ምን ያነፋርቅሻል? ስልኩን ልታበላሺው ነው፤ ጻፊ!

ሲወስዱት እጁን እይዝና «ካሳዬ፣ ወንድምዬ፣ እስካሁን የደበቅንህ...» ውይ፣ ሲስተር ጫልቱ፣ መጣሽ? ካሳዬ ሽንት ቤት ነው፣ አሁን ይመጣል።

«ካሳዬን አይደለም እናቴ። ዶክተር ታጥበው ጨርሰው እርስዎን እየጠበቁ ነው።»

እኔን? ኧረ አልጋውን አትግፊው! ብሩክታይት፣ ንገሪያታ! እኔ እኮ አስታማሚ ነ...